«አገር ስጠኝ»ን ለድርሰት

በምዕራቡ ዓለም አንዳንድ መምህራን ሃሎዊን ሲቃረብ በጭምብልና በሚያስፈራ ጨዋታ ልጆችን ተረት ያስጽፋሉ። በዓሉ የኛ አይደለም፤ በጨዋታ ማስተማሩ ግን እኛም ቤት አለ።

በክረምት ወልድያም ሆነ መርሳ፣ በሀብሩ ገጠርም ልጆች የምታስጠኑ እህት ወንድሞች፣ «ድርሰት ጻፉ» ስትሉ ወረቀቱ ባዶ የሚቀረው ልጁ የሚለው አጥቶ አይመስለኝም። መነሻ አጥቶ ነው። እንቆቅልሽ አጫውቱት። መልሱ የጠፋበት ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ ቆቦን ይሰጣል እንበል። ጠያቂውም «ቆቦ ሄጄ» ብሎ ይጀምራል። (ከዚያ ተሸናፊውን መስደብ ልማድ ነው፤ እሱን አስቀሩት።) ድርሰቱ ያለው እዚህ ጋ ነው። በምን ሄድክ? ማን አሳደረህ? ጅብ መንገድ ቢዘጋብህስ? እያላችሁ አስወሩት፤ ያወራውን ወዲያው ይጻፍ። የፊደል እርማት ይቆይ። «ተረት ተረት» ብሎ ከጀመረ ፈጠራ መሆኑን ሰሚው ስለሚያውቅ ውሸት አስተማራችሁት አያሰኝም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቅጠሏ የማይረግፍ፣ በሙስሊም የምትመሰል ዛፍ ማን እንደሆነች ሶሐቦችን መጠየቃቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። መልሱ የተምር ዛፍ ነበር። ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) በልቡ መጥቶለት ሳለ በዕድሜ ትንሽ ስለነበር አፍሮ ዝም አለ፤ በኋላ ሲነግራቸው አባቱ ምነው በተናገርከው ብለው ተመኙ። እንዲህ ያለ ልጅ እናንተም ጋ አይጠፋም። እሱን ጠያቂ አድርጉት፤ መልሱን ስለሚያውቅ አይሸነፍም፣ አገሩም የሚሰጠው ለእሱ ነው።