አዋላጅነት፦ ችላ ያልነው ሙያ



በየዓመቱ የትምህርት ክፍል ምርጫ ሲደርስ የምናየው ነገር አለ። ጤና የገቡ እህቶቻችን ሕክምና ወይም ፋርማሲ እንዲደርሳቸው ዱዓ ያደርጋሉ፤ ሚድዋይፍሪ የደረሳት ለቤተሰቧ ደውላ ለመናገር ታመነታለች። «አራት ዓመት ተምረሽ አዋላጅ ልትሆኚ ነው?» የሚል ዘመድም አይጠፋም። በዚህ እትም ስለዚሁ ሙያ ልንጽፍ የወደድነው ብዙዎቻችን ከመጣንበት ከቃሉ፣ ከተሁለደሬ፣ ከወረባቦና ከለጋምቦ እናቶች ጉዳይ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት ከመቶ 5 ብቻ ነበሩ። በ2016 ቁጥሩ 26፣ በ2019 ደግሞ 48 ደረሰ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት መዞራቸው፣ አምቡላንሱ፣ በጤና ጣቢያ ግቢ የተሠራው የእናቶች ማቆያ፣ ገንፎውና ቡናው ሳይቀር ድርሻ አላቸው። ያም ሆኖ የ2016ቱ ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች እንደሚሞቱ ገምቷል።

ከገዳዮቹ ዋነኛው ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ደም መፍሰስ ነው። የእንግዴ ልጁ ሲላቀቅ የተከፈቱት የደም ሥሮች የሚዘጉት ማሕፀን ሲኮማተር ነው። ካልተኮማተረ እናት በሰዓታት ውስጥ ልታልፍ ትችላለች። ማን እንደምትደማ ደግሞ አስቀድሞ በእርግጠኝነት አይታወቅም፤ ልጆቿን ሁሉ በሰላም ቤቷ የወለደችው ጎረቤታችን በሚቀጥለው ልትደማ ትችላለች። ስለዚህ ሚድዋይፏ ሕፃኑ እንደተወለደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ትወጋለች። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። ፍሪጅና መብራት ከሌለ አቅሙ ይዳከማል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ የጤና ተቋማት ሲዘረፉ ምን እንደታጣ ከዚህ መገመት ይቻላል።

በዚህ ጉዳይ ላይ በቅርቡ የተደረገ አንድ ምርምር ለሁላችንም ትምህርት አለው። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛኒያና በደቡብ አፍሪካ በሚገኙ 80 ሆስፒታሎች፣ ከ200,000 በላይ እናቶች የተካተቱበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2023 ታትሟል። በተለመደው አሠራር አዋላጆች የፈሰሰውን ደም በዓይን ይገምቱ ነበር። በዚህ መንገድ ብዙ ከደሙት እናቶች በጊዜ የታወቁት ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። መለኪያ መስመር ያለው የፕላስቲክ መቀበያ ከእናትየው ሥር ሲነጠፍ ግን ከመቶ 93ቱ ታወቁ። ማሕፀን ማሸት፣ ኦክሲቶሲን፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽና ምርመራ አንዱ እስኪሠራ ሌላው ሳይጠበቅ በአንድ ላይ ሲሰጡ ከባዱ መድማትና የሚያስከትለው ጉዳት በ60 ከመቶ ቀነሰ። አዲስ መድኃኒት አልተፈጠረም። አዋላጇ የምታየውን እንድትለካና ሳትዘገይ እንድትነሳ ተደረገ እንጂ።

ነገር ግን ፕላስቲኩ የሚጠቅመው ጤና ጣቢያ ለመጣችው ነው። ቤቷ የቀረችውስ? ታዴየስና ሜይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 እናቶችን የሚገድሉ መዘግየቶችን በሦስት ከፍለዋል፦ ለመሄድ መወሰን፣ መድረስ፣ ከደረሱ በኋላ ሕክምና ማግኘት። የመጀመሪያው የሚከሰተው እኛ ባደግንበት ቤት ውስጥ ነው። መንገዱ ሩቅ ነው ይባላል፣ እውነት ነው። ቀስ ብላችሁ ስትጠይቁ ግን «ወንድ ያየኛል» የሚል መልስ ይመጣል። «ተማሪ ሁሉ ቆሞብኝ» የሚልም አለ። ለተግባር ልምምድ የወጡ እህቶቻችን መጋረጃ በሌለበት ክፍል እናት ተራቁታ ስትተኛና ማንም ፈቃዷን ሳይጠይቃት ሲቀር አይተው ተመልሰዋል። እንዲህ የሆነባት እናት ቀጣዩን ልጅ ቤቷ ብትወልድ አላዋቂ ልንላት አንችልም።

በሸሪዓ በኩል ጉዳዩ ግልጽ ነው። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1993 በብሩናይ ባካሄደው ስምንተኛ ጉባኤ ሴትን በቅድሚያ ሙስሊም ሴት ሐኪም፣ ካልተገኘች ታማኝ የሆነች ሌላ ሴት ሐኪም፣ እሷም ካልተገኘች ሙስሊም ወንድ፣ እሱም ከሌለ ሌላ ወንድ እንዲያክማት ወስኗል። ወንድ ሲያክም የሚገለጠው አስፈላጊው ብቻ ይሁን፣ መሕረም ወይም ታማኝ ሴት አብራት ትሁን ይላል። እናት እየደማች «ሴት እስክትመጣ» ብሎ የሚያስጠብቅ ሰው እንግዲህ ሸሪዓን አልተረዳም። የሚገርመው የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 የወሊድ መመሪያው እናት በምጥ ወቅት ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል።

ይህን በተግባር የሞከረች የአራተኛ ዓመት እህት አለችን። በልምምድ ላይ ሳለች ምጥ የያዛትን እናት «ማን አብሮሽ ይግባ?» ብላ ጠየቀቻት። እናትየዋ ውጭ ቁጭ ብለው ዱዓ የሚያደርጉትን ጎረቤቷን፣ አንዲት አሮጊት ዱበርቲ፣ ጠራች። «ግቡ እናቴ» ተብለው ገቡ፤ ትከሻዋን ደግፈው በለሆሳስ ዱዓቸውን ቀጠሉ፤ እህታችንም ሥራዋን ሠራች። ማንም የማንንም ቦታ አልወሰደም።

በአገራችን ወንድ ሚድዋይፎች ጥቂት አይደሉም፤ ሙያውን የያዛችሁ ወንድሞችም ማንኳኳት፣ ማስፈቀድ፣ መሸፈን የሙያችሁ አካል መሆኑን አትርሱ። ሴት አዋላጆች ግን ያንሱናል። የሐምሊን ሚድዋይፎች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2007 ሲከፈት የተነሳበት ሐሳብ የገጠር ልጃገረዶችን አስተምሮ ወደየአካባቢያቸው መመለስ ነበር፤ ለወሎም የሚሆነው ይኸው ነው።

የመመረቂያ ጥናት ርዕስ የምትፈልጉ ደግሞ «ስንት እናቶች ቤት ወለዱ?» የሚለው ብዙ ተጠይቋል። ስንት ማዋለጃ ክፍሎች መጋረጃ አላቸው? ስንት እናቶች ፈቃድ ተጠየቁ? ኦክሲቶሲኑ በስንት ዲግሪ ተቀምጦ ተገኘ? እነዚህን ቴርሞሜትርና ማስታወሻ ደብተር ይዞ መጠየቅ ይቻላል።

ሚድዋይፍሪ ለመምረጥ የምታስቡ፣ ወይም ደርሷችሁ የከፋችሁ እህቶች ካላችሁ፣ የአራተኛ ዓመት እህቶች በጀመዓው የእህቶች ክፍል በኩል ሊያወያዩአችሁ ፈቃደኞች ናቸው። ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት አግኟቸው።