በበራዱ ውስጥ የነበረው ደብዳቤ

እስቲ የሥራ ቦታችሁን ለአንድ አፍታ አስቡት። ምሳ አብሯችሁ የሚበላ፣ በአለቃ ቁጣ አብሯችሁ በስውር የሚስቅ፣ የቀረ ዕለት ቀኑ አልመሽ የሚልባችሁ አንድ ባልደረባ አይኖርም ይሆን? «ምንሽ ነው?» ብትባሉ መልሳችሁ የታወቀ ነው፤ «ጓደኛዬ ነው» ትላላችሁ። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን ይህች ቃል ስንት ነገር ትሸፍናለች!

ይህን ዝምታ አጥርተው ካሳዩት መካከል «ዘ ኦፊስ» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ አንዱ ነው። በእንግሊዝ አገር ከተሠራ ተመሳሳይ ድራማ ተወስዶ ከ2005 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. የቀረበ፣ ቀልድ የበዛበት ሥራ ነው። ታሪኩ በፔንስልቬንያ ግዛት፣ በስክራንተን ከተማ፣ በአንድ የወረቀት ሻጭ ኩባንያ ቅርንጫፍ ውስጥ ይካሄዳል። ፓም እንግዳ ተቀባይ ናት፤ ጂም የሽያጭ ሠራተኛ ነው። ቀኑን ሙሉ ሲሳሳቁ ይውላሉ። ነገር ግን ፓም በዚያው ኩባንያ መጋዘን ለሚሠራው ለሮይ ከታጨች ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ የሠርጉ ቀን ግን አልተቆረጠም።

በ2005 የገና በዓል ሠራተኞቹ በዕጣ ስጦታ ሲሰጣጡ ለጂም የፓም ስም ደረሰው። አረንጓዴ የሻይ በራድ ገዛ። በውስጡም የተማሪነት ፎቶግራፉንና ሁለቱ ብቻ የሚያውቋቸውን የሳቅ ማስታወሻዎች ሞላበት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ደብዳቤ አስቀመጠ። አለቃቸው የደረሰው በእጅ የተሠራ የምድጃ ጓንት አላስደስተው ስላለ ስጦታው ሁሉ እንዲቀያየር አዘዘ። (እንዲህ ያለ አለቃ ያልገጠመው ማን አለ?) በራዱ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ በመጨረሻ ፓም በፈቃዷ ተለዋውጣ ወሰደችው። ይሁን እንጂ ደብዳቤውን ከማየቷ በፊት ጂም ደፋር መስሎ የቆየው ልቡ ከዳውና መልሶ ወሰደው።

በግንቦት 2006 እ.ኤ.አ. ግን አንድ ምሽት በመኪና ማቆሚያው ስፍራ እንደሚወዳት በግልጽ ነገራት። እሷም እንደማትችል ነገረችውና ወደ ጨለመው ቢሮ ገብታ ለእናቷ ስልክ ደወለች። እናቶች ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። እናቲቱ የምትለው አይሰማም። ልጅቷ በመጀመሪያ «የልብ ጓደኛዬ ነው» ትላለች። ጥቂት ቆይታ ግን እንደምትወደው ታምናለች። ለጂም ልትነግረው ያልቻለችውን አስቀድማ የተናገረችው ለእናቷ ነው። የሠርጓ ቀን ተቆርጦ ለቀረበ ልጅ ይህን ጥያቄ የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን? «ጠላው ተጠምቆ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ አሁን ምን ወሬ አለ?» የምንል አንጠፋም።

ድራማውን የወደዱ ብዙዎች ያዘኑት ለጂምና ለፓም ነው። እኔ ግን ሮይ ከሐሳቤ አይወጣም። ግዴለሽ እጮኛ እንደነበረ አልክድም። ቢሆንም ሠርጉ ሲፈርስ እውነተኛውን ምክንያት አያውቅም ነበር። ካረንስ? ጂም ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ሳለ የያዛት ወዳጁ ናት። እሱን ተከትላ ስክራንተን ድረስ መጣች፤ በ2007 ኒውዮርክ ላይ ትቷት ወደ ፓም ተመለሰ። ሁለት ሰዎች ዝም ሲሉ ሒሳቡን የሚከፍሉት እነሱ ብቻ አይደሉም።

ዝምታውን የሰበረችው ደግሞ ፓም ራሷ ናት። በዚያው ዓመት ሠራተኞቹ ወደ ሐይቅ ዳር ወጥተው ሳለ በፍም ላይ በባዶ እግሯ ተራመደች። ከዚያም በሁሉም ፊት ሠርጓን ያፈረሰችው በጂም ምክንያት መሆኑን፣ ጓደኝነቱም እንደናፈቃት ተናገረች። ጂም እራት የጋበዛት ከዚህ በኋላ ነው። በ2009 በናያጋራ ፏፏቴ ተጋቡ፤ ልጆችም ወለዱ።

በ2013፣ የጂም አዲስ ሥራ በፊላደልፊያ ከተማ ስለሆነ ትዳራቸው ተናግቶ ነበር። ፓም እበቃዋለሁ ወይ ብላ ስትጨነቅ፣ ጂም ያንን የበራዱን ደብዳቤ አውጥቶ ሰጣት። አንብባ አለቀሰች። ምን እንደተጻፈበት ግን ለእኛ ለተመልካቾቹ አልተነበበልንም።