የጓሮ አትክልት፦ ደስታውና ፈተናው

ከበርዎ እስከ አጥርዎ ድረስ ያለችውን ቦታ ልብ ብለው ተመልክተዋት ያውቃሉ? እኔ ለዓመታት አላየኋትም ነበር። በአንድ በኩል አሮጌ ቆርቆሮ፣ በሌላው በኩል የልብስ ማስጫ ገመድ፣ መካከሏ ላይ ሰርዶ የበቀለባት፣ ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር እንኳ የማትሞላ መሬት ናት። አንድ ቀን ከጉልት ቆስጣና ሽንኩርት ገዝቼ ስመለስ የተረፈኝን ብር ቆጠርኩና ዓይኔ እዚያች መሬት ላይ አረፈ።

ሊጀምሩ አስበው ከሆነ የእኔን ስሕተት እንዳይደግሙ በግልጽ ልንገርዎ። ያን ሰሞን ዕቁብ ወጥቶልኝ ነበር። ባለቤቴ ለልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ እናስቀምጠው ቢለኝም፣ እኔ ግማሹን ለአፈር፣ ለፍግና ለቲማቲም ችግኝ አዋልኩት። «በሦስት ወር እመልሰዋለሁ፤ ለጎረቤት ሁሉ እሸጣለሁ» አልኩት። ጊዜው ሰኔ ነበር። አጠገባችን የሚኖሩት እማማ በአጥር አሻግረው አይተውኝ፣ «ልጄ፣ ቲማቲም በክረምት? ጎመኑን ብታስቀድሚ ምን አለ?» አሉኝ። ሳቅ ብዬ አለፍኳቸው።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ቅጠሎቹ ውሃ የነካቸው የሚመስል ጠቆር ያለ ነጠብጣብ አወጡ። ብዙም ሳይቆይ ግንዱም ፍሬውም ቡናማ ሆኖ በሰበሰ። በኋላ እንደተረዳሁት ይህ ባለሙያዎች ሌት ብላይት የሚሉት፣ ብርድና እርጥበት ሲበዛ የሚዛመት በሽታ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1845 ለጀመረው የአየርላንድ የድንች ረሃብ መነሻ የሆነውም ይኸው ነው፤ ድንችና ቲማቲም ዘመዳሞች ናቸውና። በአዲስ አበባ ክረምት ያለ መጠለያ ቲማቲም መትከል ምን ማለት እንደሆነ እማማ ያለ ትምህርት ቤት ያውቁት ነበር።

ባለቤቴ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ማታ ከሥራ ሲገባ ወደ ጓሮው ዞር ብሎ አያይም። ክፍያው ሲደርስ ከመሥሪያ ቤቱ ተበድሮ ከፈለ። ይህን መጻፍ ለእኔ ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን ስለ ጓሮ አትክልት የሚነገረን አብዛኛውን ጊዜ ደስታው ብቻ ስለሆነ ነው የማጫውትዎ።

መስከረም ላይ እማማ የሐበሻ ጎመን ዘር በወረቀት ቋጥረው ሰጡኝ። ጎመኑ የአገራችን የደጋ ተክል ነው፤ ብርዱን ለምዶታል። በዚህ ጊዜ ብር አላወጣሁም። የድንችና የካሮት ልጣጩን፣ አተላ ቡናውንና የደረቀ ቅጠሉን ጥግ ላይ ከምሬ አበሰበስኩ። የዶሮ ፍግ ካገኙ ግን ትኩሱን እንዳይጠቀሙ፤ ሥሩን ያቃጥለዋል፤ ጥቂት ወራት ይበስብስ። ዘሩንም እንደ ባቄላ በጥልቀት አይቅበሩት። ጎመንና ካሮት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ይበቃቸዋል። የቆስጣ ዘር ደግሞ አንዷ ፍሬ ሁለት ሦስት ችግኝ ታወጣለችና በዝቶ ሲያዩት አሳሱት እንጂ አይሳሱለት። ካሮት ከበቀለበት ነቅለው ሌላ ቦታ አይትከሉት። እኔ ነቅዬ ተክዬው ሁለት እግርና አንድ እጅ ያለው ካሮት አወጣሁ፤ ልጆቹ ስም አውጥተውለት አልበላም አሉ።

ታዲያ ሁሉም ተሳካ እንዳይመስልዎ። የጎረቤት ዶሮዎች በአጥሩ ሾልከው የመጀመሪያውን መደብ በአንድ ጠዋት ጭረው ጨረሱት። እንደገና ዘራሁና ስስ አሮጌ መጋረጃ በእንጨት ወጥሬ ከለልኩት። ጎመኑ ሲያድግ ደግሞ ከቅጠሉ ሥር ክሽክሽ ፈላበት። ክፉኛ የተያዘውን ቅጠል ቆርጬ ጣልኩ፤ የቀረውን ጥቂት ሳሙና በሟሟበት ውሃ ከሥሩ በኩል እየረጨሁ አጠብኩት። በየጥቂት ቀኑ መደጋገም ያስፈልጋል። ትልቁ ፈተና ግን ውሃ ነው። በእኛ ሰፈር በፈረቃ ነው የሚመጣው። አትክልት የታጠበበትን ውሃ አጠራቅሞ ማጠጣት ይቻላል፤ በረኪና የገባበትን ግን አደራ። በኮንዶሚኒየም የሚኖሩም ተስፋ አይቁረጡ፤ ከሥሩ የተበሳ ጀሪካንና ፀሐይ የሚያገኝ በረንዳ ለቆስጣ ይበቃል።

ኅዳር ላይ አንድ ማለዳ የእግር ኮቴ ሰምቼ በመስኮት አየሁ። ባለቤቴ ነው፤ ክዳኑ የተበሳሳ ሃይላንድ ይዞ በጎመኑ መካከል ጎንበስ ብሏል። ወጥቼ ቆምኩ። «ውሃ ሌሊት መጥታ ነበር፤ ተኝተሽ ስለነበር ነው» አለኝ፣ ቀና ሳይል። እኔም ምንም አላልኩም፤ ሌላ ሃይላንድ ሞልቼ አመጣሁለት።

ብድሩን ከፍለን የጨረስነው ጥር ላይ ነው፤ በጎመኑ ሳይሆን ከደመወዙ። ጎመን ከጉልት መግዛት ግን ከተውኩ ሰነበትኩ። ከታች ከታች ያለውን ቅጠል ብቻ ከቀነጠሱለት መልሶ መልሶ ይሰጣል፤ ለእማማም በአጥር አሻግሬ አቀብላቸዋለሁ። አሁን በቤታችን ያለው ክርክር ስለ ቲማቲም ነው። እሱ «በበጋ፣ ሁለት እግር ብቻ» ይላል። እኔ ገና አልወሰንኩም።