ተባይ ገዳዩ ሻጋታ እና የጓሮ እንሰት

በሀዲያና በከምባታ፣ በሆሳዕና ዙሪያ፣ በዱራሜ፣ በዶዮገናና በአንጋጫ ገበሬ ክፉ ቀንን የሚያልፈው በጓሮው ባለው እንሰት ነው። ቆጮውም፣ ቡላውም፣ አምቾውም ከዚያው ይገኛል። እንሰት ግን ለመፋቅ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። በመሀል ሥሩን የሚመጥ ተባይ ቢገባበት የሚጠፋው የአንድ ክረምት ልፋት ብቻ አይደለም።

ከእነዚህ ተባዮች አንዱ የእንሰት ሥር ሚሊባግ ነው። ነጭ ሰም የለበሰ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ትንሽ ነፍሳት ሲሆን፣ ሥሩና አምቾው ላይ ተጣብቆ ፈሳሹን ይመጥጣል። ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ተክሉ ይቀጭጫል። ጉዳቱ የጎላው በጌዴኦ፣ በሲዳማና በአማሮ ቢሆንም፣ ተባዩ ከቦታ ቦታ የሚዛወረው በዋናነት በችግኝ ስለሆነ፣ ከገበያ ችግኝ የሚገዛ ሁሉ ሊጠነቀቀው ይገባል። ኬሚካል ይገድለዋል። ነገር ግን ቤት ደጃፍ ላይ፣ ልጆችና ከብቶች በሚውሉበት ጓሮ፣ ለምግብ በሚውል አምቾ ዙሪያ መርዝ ማፍሰስን ማን ይወዳል?

ተመራማሪዎች ወደ ፈንገስ የዞሩት እዚህ ላይ ነው። ለማወርቅ ሲሳይ፣ ፈርዱ አዘረፈኝ፣ ተስፋዬ ዓለሙና ባልደረቦቻቸው ቦቬሪያ ባሲያና እና ሜታራይዚየም አኒሶፕሊያ የተባሉ ፈንገሶችን በዚሁ ተባይ ላይ ሞክረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2011 ክሮፕ ፕሮቴክሽን በተባለው የሳይንስ መጽሔት አሳትመዋል።

ፈንገሱ እንደ ባክቴሪያና ቫይረስ ተባዩ እስኪበላው አይጠብቅም። በዓይን የማይታየው ዘሩ የነፍሳቱ ቆዳ ላይ ያርፋል፤ እርጥበት ሲያገኝ ይበቅልና ቆዳውን በኢንዛይም አሟሙቶ ይገባል። ውስጥ ገብቶ በደሙ ይራባል፤ ነፍሳቱም ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይሞታል። አየሩ እርጥብ ከሆነ ሬሳው ሻጋታ ያወጣል፤ በቦቬሪያ የሞተው ነጭ፣ በሜታራይዚየም የሞተው አረንጓዴ ይለብሳል። እዚህ ጋ ለገበሬው አንድ አሳሳች ነገር አለ። ሚሊባግ በሕይወት እያለም ነጭ ስለሆነ ነጩን ሁሉ “ሞቷል” ማለት አይቻልም። ሕያው ሲጨፈለቅ እርጥብ ነው፤ ሻጋታው የገደለው ደርቆ ይገኛል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው አጎስቲኖ ባሲ እ.ኤ.አ. በ1835 የሐር ትሎችን የሚፈጀው በሽታ ከፈንገስ እንደሚመጣ አሳየ፤ ባሲያና የሚለው ስም ከእሱ የመጣ ነው። ኢሊያ ሜችኒኮፍ ደግሞ በ1879 ሜታራይዚየምን በስንዴ ጥንዚዛ ላይ ሞከረ። እ.ኤ.አ. በ2020 የበረሃ አንበጣ ምሥራቅ አፍሪካን ሲወር፣ ጎረቤት ሶማሊያ የሜታራይዚየም ዝርያ ረጭታለች፤ ኢትዮጵያ ግን በአብዛኛው የተጠቀመችው ኬሚካል ነው። በኬንያም ካምፔይን የተባለ ሜታራይዚየም ያለበት ምርት ለገበያ ቀርቧል።

ለሀዲያና ለከምባታ ትልቁ ፈተና ግን ፈንገሱን በሕይወት ማቆየት ነው። በደጋው ስንዴ የሚዘራ ገበሬ ለዋግ ፀረ ፈንገስ ይረጫል። ያው መርጫ ሳይታጠብ ፈንገሱ ላለበት ባዮ ፀረ ተባይ ከዋለ፣ ወይም ሁለቱ ከተቀላቀሉ፣ ጠቃሚው ፈንገስ ገና ከመርጫው ሳይወጣ ሊሞት ይችላል። ሙቀትም ይገድለዋል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ለወራት የተቀመጠ ጥቅል ጥቅሙ አነስተኛ ነው። ፀሐይም ጠላቱ ናት፤ ስለዚህ በቆሎ ቅጠል ላይ ለአሜሪካ መጤ ተምች ሲረጭ አመሻሽ ላይ መሆን አለበት። 

በዚህ ዓይን ሲታይ የእንሰት ጓሮ የተሻለ መነሻ ነው። አፈሩ እርጥብ ነው፤ ሰፊው ቅጠል ጥላ ይሰጣል፤ ተባዩም ከፀሐይ ተሰውሮ መሬት ውስጥ ይኖራል። ቢሆንም ፈንገሱ ሥሩ ድረስ መድረስ አለበት፤ ይህም ችግኙን ከመትከል በፊት ማከምን ወይም ሥሩን ማጠጣትን ይጠይቃል። ንጹሕ ችግኝ መምረጥንም አይተካም።

ማምረቱስ? ብራዚል ሜታራይዚየምን በተቀቀለ ሩዝ ላይ አሳድጋ በሸንኮራ አገዳ ማሳ ላይ በስፋት ትጠቀማለች። ኩባም በትንንሽ ማዕከላት መረብ ለኅብረት ሥራ ማኅበራት ታመርታለች። ሩዝ ላይ ማሳደግ ሲባል ግን እያንዳንዱ በየቤቱ ያሻግት ማለት አይደለም፤ በእህል ላይ የሚበቅለው አስፐርጊለስ የተባለ ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። የተፈተሸ ዝርያ፣ ንጹሕ ቤተ ሙከራና የጥራት ቁጥጥር ያስፈልጋል። በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ፀረ ተባይ ሳይመዘገብ አይሸጥም።

ስለዚህ ጥያቄው ወደ ምርምር ተቋማቱና ወደ ክልሉ ግብርና ቢሮ ይዞራል። ፈንገሱ ከሩቅ ተጭኖ ከሚመጣ ሆሳዕና ላይ ወይም አቅራቢያው ቢመረት፣ በገበሬ ማሰልጠኛ ማዕከላት ጥቂት የእንሰት ጓሮዎች ላይ በገበሬው ፊት ቢፈተሽ፣ የልማት ሠራተኞችም ፀረ ፈንገስና ባዮ ፀረ ተባይ በአንድ መርጫ እንዳይገቡ ቢያስተምሩ፣ ለመጀመር ይበቃል።