ሻፍት ዱላ ሲይዝ

እሁድ ከሰዓት ፉሪ እኔ ቤት ፊልም አለ። ሁለት ጓደኞቼ ይመጣሉ፤ አንዱ የአይሱዙ ሹፌር ነው፣ ሌላው ልብስ ሰፊ። ሦስታችንም በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ቫን ዳምንና ጃኪ ቻንን እያየን ስላደግን በአክሽን ጉዳይ ማንም እንዲያርመን አንፈልግም።

በቅርቡ ካየናቸው የሞገስ ታፈሰ «ቁራኛዬ» ሦስታችንንም ይዞናል። ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ላይ ታስረው ዳኛ ፍለጋ ይጓዛሉ፤ ጥይት ሳይበዛበት ልብ ይሰቅላል። የጄሲካ በሽር «ፋያ ዳዪ» ሐረርና ጫትን በጥቁርና ነጭ የሚያሳይ ዘጋቢ ፊልም ነው። እኔ ወደድኩት፣ ሹፌሩ እንቅልፍ ወሰደው። በፊልሙ አልፈርድም፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ አድሮ ነበር።

ባለፈው እሁድ ግን ወደ ድሮው ተመለስን፤ «ሻፍት ኢን አፍሪካ»። የወጣው ሰኔ 1965 ዓ.ም. ነው፣ ንጉሡ ከዙፋን ሊወርዱ ዓመት ከጥቂት ወር ሲቀራቸው። ስለ ኒውዮርኩ መርማሪ ጆን ሻፍት ከተሠሩት ሦስተኛው ሲሆን ዳይሬክተሩ ጆን ጊለርሚን ነው። የመጀመሪያው «ሻፍት» ዓለምን አዳርሶ አይዛክ ሄይስን በዘፈኑ ለኦስካር አብቅቶታል። ይሄኛው እኛ አገር ድረስ መጥቶ ተቀርጾ ሳለ እነሱም እኛም ረሳነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አፍሪካውያን ወጣቶችን በሥራ ስም እያታለለ ፓሪስ የሚያስገባና እንደ ባሪያ የሚያሠራ ቡድን አለ። ሻፍት ሥራ ፈላጊ መስሎ ከመሃላቸው ይገባል። የያዘው ዱላ ውስጥ ካሜራ ተደብቋል። ልብስ ሰፊው እዚህ ጋ አላስችል አለው።

«ይሄ ሰው ከብት ጠብቆ አያውቅም!»

ተነሥቶ የቤቴን መጥረጊያ አንገቱ ላይ አጋድሞ፣ ሁለት ክንዶቹን አንጠልጥሎበት እስከ በሩ ድረስ ተራመደልን። እውነትም ሻፍትን የሚጫወተው የሪቻርድ ራውንድትሪ አያያዝ የአንካሳ ምርኩዝ ይመስላል።

የአገራችንን ሰው ለማየት ዳር ዳሩን መፈለግ ነው። አለሜ የተባለችው ልጅ ቮኔታ ማጊ ናት፣ አሜሪካዊት። አባቷን ሆኖ የሚጫወተው ሳይ ግራንት የጉያና ተወላጅ ነው። ፊልሙ የሚጠቅሰው የ«ማንታ» ጎሳም ፈጠራ ነው። ግን ደበበ እሸቱ አለ! ዋሳ የሚባለውን ገጸ ባሕርይ ይጫወታል። ገና ወጣት ነው። አቁመን ሁለቴ መልሰን አየነው።

ቡና ልታፈላልን የመጣችው የጎረቤት ልጅ እስከዚያ ድረስ በእኛ ትስቅ ነበር። በመተማ በኩል ወጥታ ሊቢያ ሳትደርስ የተመለሰች ናት። ሰዎቹ ተሰልፈው ሲነዱ ስታይ ጀበናውን ከምድጃው አወረደችና «ሲቆጥሩን እንዲህ ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ ስለ ዱላ ያወራ የለም። ከፉሪ ለቡ ጣቢያ በኩል የባቡር ጥሩንባ ሲሰማ እንኳ ማናችንም ዞር አላልንም።

ፊልሙ እንከን አያጣም። ሴቶችን የሚያይበት ዓይን አይመቸኝም፤ ድብድቡም አንዳንዴ ይላላል። የጆኒ ፔት ሙዚቃ ግን እስካሁን ትኩስ ነው፤ ጄይ ዚ እ.ኤ.አ. በ2006 ከእሱ ቆርጦ የራሱን ዘፈን ሠርቶበታል። በእኔ ሚዛን ከሦስቱ ሻፍቶች ስለ እውነተኛ ነገር የሚያወራው ይሄኛው ነው።

ከጀርባ የሚያልፉትን ፊቶች ግን ስማቸውን የሚነግረን አጣን። በዚያ ዘመን ካሜራው ፊት የቆማችሁ ካላችሁ፣ ወይም አባታችሁ ቆሞ ከነበረ፣ የትኛው ትዕይንት ላይ እንደሆነ ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው።