ማርሚታና ቱርቦ፤ ጩኸት ጉልበት ነውን?

በክፍለ ከተማችን በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በጎፋም ሆነ በመካኒሳ ወይም በጀሞ መንገድ ዳር ቆሞ ጥቂት ያዳመጠ ሰው፣ ማርሚታቸው የተቆረጠ መኪናዎች እንደ ነጎድጓድ እየጮኹ ሲያልፉ መስማቱ አይቀርም። ነጂዎቹ ምክንያቱን ሲጠየቁ «ሞተሩ እንዲተነፍስ ነው» ይላሉ። ይህ አባባል እውነት ነውን? ይልቁንም ቱርቦ ላለው መኪና ይጠቅማልን? ይህን ጥያቄ የተማርሁትንና በእጄ የሞከርሁትን መሠረት በማድረግ ለአንባቢዎቼ ላብራራ እወዳለሁ።

አስቀድሞ ቱርቦ ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሞተር ነዳጅን የሚያቃጥለው በአየር ነው፤ አየር ካነሰው ጉልበቱም ያንሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ፣ የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ ቱርቦ የሌለው ሞተር በጅቡቲ ወደብ ከነበረው ጉልበት ሩብ ያህሉን እኛ ዘንድ ሲደርስ ያጣል።

ለዚህ ችግር መድኃኒት የሆነውን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1905 በፈጠራ መብት ያስመዘገበው አልፍሬድ ቡሂ የተባለ የስዊዘርላንድ መሐንዲስ ነው። ቱርቦ ማለት በአንድ ዘንግ ሁለት ጫፎች ላይ የተተከሉ፣ ክንፍ ያላቸው ሁለት ትናንሽ መንኮራኩሮች ናቸው። አንደኛውን ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ ያዞረዋል፤ ሁለተኛውም አብሮ እየዞረ ንጹሕ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ100,000 ዙር ሊያልፍ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1918 ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ይህን መሣሪያ በአውሮፕላን ሞተር ላይ ገጥሞ፣ 4,300 ሜትር ከፍታ ባለው በፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ ላይ ፈተነው። በስስ አየር የደከመው ሞተርም በባሕር ወለል የነበረውን ጉልበት መልሶ አገኘ።

እንግዲህ ማርሚታ ከዚህ ጋር ምን ያገናኘዋል? ጭሱ መንኮራኩሩን የሚያዞረው ከመንኮራኩሩ በፊት ያለው ግፊት ከኋላው ካለው ስለሚበልጥ ነው። ከኋላ ያለው ቱቦ ጠባብ ወይም የተደፈነ ከሆነ ልዩነቱ ያንሳል፤ ቱርቦውም ይሰንፋል። ስለዚህ ሰፊ ቱቦ ይጠቅማል የሚለው ነገር ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ሁለት ነገሮች መዘንጋት የለባቸውም። አንደኛ፣ ፋብሪካው የሠራው ቱቦ በቂ ስፋት ካለው ማስፋቱ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ የናፍጣ ሞተርን ጉልበት የሚወስነው የሚረጨው የናፍጣ መጠን ነው፤ ቱቦ ስለ ሰፋ ናፍጣ አይጨምርም። በብዙዎቹ ዘመናዊ የቤንዚን መኪናዎችም ግፊቱ ከተወሰነው ልክ ሲደርስ አንድ ክዳን ተከፍቶ ጭሱን በመንኮራኩሩ ጎን ያሳልፈዋል።

አሁን ወደ ሙከራው ልመለስ። አጎቴ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው ቱርቦ ባላት አንዲት አነስተኛ የጭነት መኪና ነው። መኪናዋ ዳገት እያቃታት ጥቁር ጭስ ትተፋ ጀመር። አንድ መካኒክ ማርሚታዋን አስቆርጦ ቀጥ ያለ ቱቦ እንዲያስበይድ መከረው፤ እርሱም ገንዘቡን ከፍሎ አስበየደ። ከዚያ ወዲህ ማለዳ ስትነሣ የጎረቤታችን ሕፃን እየባነነ ያለቅስ ነበር፤ እናቱም ለእናቴ አቤቱታ አቀረበች። አጎቴ ግን «እንጀራዬ ነው፤ ጉልበት ጨምራለች» አለ። እኔም እንድንፈትናት ለመንሁት።

አሮጌው ማርሚታ አልተጣለም ነበርና ሁለቱንም እያፈራረቁ በቡሎን ማሰር እንዲቻል መጋጠሚያ አስበየድን። ከዚያም በእሑድ ጠዋት፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ በአንድ ዳገት ላይ ሁለት ምልክት አደረግን። ነጂው አጎቴ፣ ጭነቱ ያው የአሸዋ ጆንያ፣ ማርሹም ሁለተኛ ብቻ ሆነ፤ ከተፈቀደው ፍጥነትም አላለፍንም። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በቀጥታው ቱቦ ሦስት ጊዜ፣ በማርሚታው ሦስት ጊዜ፣ እንደ ገና በቀጥታው ቱቦ ሦስት ጊዜ ወጣን። ወደ መጀመሪያው የተመለስነው፣ የቀኑ ሙቀት እንዳያሳስተን ነው።

ውጤቱ ግልጽ ነበር። በአንዱ ቱቦ ብቻ በተደረጉት ሦስት ጉዞዎች መካከል የታየው የሰዓት ልዩነት፣ በሁለቱ ቱቦዎች መካከል ከታየው ይበልጥ ነበር። እንዲህ ሲሆን አንዱ ከሌላው ይሻላል ማለት አይቻልም። የጨመረው ጩኸቱ ብቻ ነበር፤ ጆሮአችን ጩኸትን ጉልበት አድርጎ ተርጉሞት ኖሯል።

ጥቁሩ ጭስ ግን በሁለቱም አልጠፋም። የፊዚክስ መምህሬ ይህን ስነግራቸው «ጥቁር ጭስ አየር ያጣ ናፍጣ ነው፤ አየሩ የት ቀረ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ከቱርቦው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን የጎማ ቱቦ ብንመረምር፣ ከታች በኩል በዘይት የወዛ ስንጥቅ ተገኘ። ታምቆ የተላከው አየር በዚያ ያመልጥ ነበር። ቱቦው ተለውጦ በማርሚታው ስንወጣ፣ ሦስቱም ጉዞዎች ከቀድሞዎቹ ሁሉ ፈጠኑ፤ ጭሱም ቀነሰ። ማርሚታውን ማስቆረጡ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ሆኖ ተገኘ።

ይህ ነገር የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በብዙ የቤንዚን መኪናዎች የጭስ መስመር ውስጥ በፕላቲኒየም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም የተለበጠ ማጣሪያ አለ፤ መርዛሙን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚለውጠው እርሱ ነው። ይህን ቆርጦ መጣል መርዙን ለመንገደኛው ማደል ነው። የናፍጣ ጭስም ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 አስታውቋል። መንግሥታችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ቢከለክልም፣ ቀድሞ የገቡት ገና ብዙ ዘመን አብረውን ስለሚኖሩ በሚገባ መያዝ አለባቸው።

ስለዚህ ወላጆችም ሆናችሁ ወንድሞቼ፣ መኪናችሁ ሲደክም ከመቁረጣችሁ በፊት መርምሩ፤ ስትፈትኑም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ደጋግማችሁም በሰዓት ለኩ። አጎቴ ዛሬ በማርሚታው ይሠራል፤ የጎረቤታችን ሕፃንም ማለዳ በሰላም ይተኛል።