የባዮሎጂ ጦር መሣሪያ ስጋትና የቀጣናችን ደህንነት፦ የጤና ባለሙያው ድርሻ

መግቢያ

የባዮሎጂ ጦር መሣሪያ ሲባል በሰው፣ በእንስሳት ወይም በሰብል ላይ በሽታና ሞት ለማድረስ ታስቦ የሚሠራጭ ተህዋስ ወይም ከተህዋስ የሚገኝ መርዝ ማለት ነው። ይህንኑ ድርጊት አንድ ቡድን ወይም ግለሰብ ሕዝብን ለማሸበር ሲፈጽመው ባዮሎጂያዊ ሽብር ይባላል። ጉዳዩ ሲነሣ ብዙዎቻችን የጦር ሠራዊትና የዲፕሎማቶች ሥራ አድርገን እንመለከተዋለን። ዳሩ ግን ቦምብ ሲፈነዳ ሁሉም ይሰማዋል፤ ተህዋስ ሲሠራጭ ድምፅ የለውም። የመጀመሪያው ምልክት ከቀናት በኋላ ትኩሳት ይዞት ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣ ሕመምተኛ ነው። በመሆኑም አደጋውን ከማንም በፊት የሚያየው የጤና ባለሙያው ሲሆን፣ የሚያየውም ሰው ሠራሽ ይሁን ተፈጥሯዊ ሳያውቅ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አለማወቅ ምን ዓይነት ኃላፊነት እንደሚያስከትል ማስረዳት ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሕጉና ክፍተቱ

የ1925ቱ የጄኔቫ ፕሮቶኮል ተህዋስያንን በጦርነት መጠቀምን ከልክሏል። በ1972 ለፊርማ ቀርቦ በ1975 በሥራ ላይ የዋለው የባዮሎጂ ጦር መሣሪያ ስምምነት ደግሞ መሥራትንም ሆነ ማከማቸትን አግዷል፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ይሁን እንጂ ስምምነቱ የኬሚካል ጦር መሣሪያን እንደሚከታተለው ድርጅት ያለ የራሱ የፍተሻ አካል የለውም። የሶቪየት ኅብረት ስምምነቱን ፈርማ ሳለ ግዙፍ የምስጢር ፕሮግራም ታካሂድ እንደነበር ከጊዜ በኋላ ተረጋግጧል። ከዚህ አኳያ በተግባር ለሕዝብ የቀረው ዋነኛ መከላከያ በሽታን ቶሎ የሚያይና የሚዘግብ የጤና ሥርዓት ነው።

ከታሪክ የምናገኘው ትምህርት

በሚያዝያ 1979 በስቨርድሎቭስክ ከተማ (በዛሬዋ የካተሪንበርግ) ከአንድ ወታደራዊ ተቋም የአባ ሰንጋ ተህዋስ በስህተት አምልጦ በነፋስ ተበተነ፤ ቢያንስ 66 ሰዎችም ሞቱ። መንግሥት የበሽታው መነሻ የተበከለ ሥጋ ነው ብሎ ለዓመታት ሲከራከር ቆየ። እውነቱ እንዲወጣ ከረዱት ነገሮች አንዱ አስከሬኖቹን የመረመሩ የፓቶሎጂ ሐኪሞች ናሙናዎቻቸውንና ማስታወሻዎቻቸውን ደብቀው ማቆየታቸው ነው። የደረት ውስጥ ንፍፊቶች በደም መሞላታቸው ተህዋሱ በትንፋሽ እንደገባ ይመሰክር ነበር። በኋላም ተመራማሪዎች የሟቾቹን መኖሪያና የሥራ ቦታ በካርታ ላይ ሲያሰፍሩ፣ አብዛኞቹ ከተቋሙ በነፋሱ አቅጣጫ በተዘረጋ ጠባብ መስመር ላይ ተገኙ።

በ1984 በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት የአንድ ሃይማኖታዊ ቡድን አባላት የአካባቢ ምርጫን ለማዛባት ሲሉ የምግብ ቤቶችን ሰላጣ በሳልሞኔላ በመበከላቸው 751 ሰዎች ታመዋል። የጤና ባለሥልጣናት በመጀመሪያ የደረሱበት ድምዳሜ የምግብ ቤት ሠራተኞች የንጽሕና ጉድለት ነው የሚል ነበር፤ እውነቱ የታወቀው ቡድኑ እርስ በርሱ ከተጣላ በኋላ፣ አንድ ዓመት ቆይቶ ነው።

በ2001 በአሜሪካ በፖስታ በተላኩ የአባ ሰንጋ ደብዳቤዎች 22 ሰዎች ታመው 5ቱ ሞቱ። ጥቃቱ የታወቀው በፍሎሪዳ አንድ የተላላፊ በሽታዎች ሐኪም የሕመምተኛውን የሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ በማይክሮስኮፕ አይቶ ወዲያውኑ ለጤና ቢሮ በማሳወቁ ነው። ከሳምንታት በኋላ ግን በዋሽንግተን አንድ የፖስታ ሠራተኛ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሄዶ፣ ሕመሙ ቀላል መስሎ ወደ ቤቱ ተሸኘ፤ በማግስቱ ሞተ። ተህዋሱ አንድ ዓይነት ነበር፤ ልዩነቱን ያመጣው ጥርጣሬና ጊዜ ነው።

በአህጉራችን ደግሞ በሮዴዥያ (በዛሬዋ ዚምባብዌ) ከ1978 እስከ 1980 በጦርነቱ ማብቂያ ላይ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች በአባ ሰንጋ ታመው 182 ሞተዋል። ሆን ተብሎ የተሠራጨ ነው ብለው የሚጠረጥሩ ምሁራን አሉ፤ ሌሎች በጦርነቱ ሳቢያ የእንስሳት ሕክምናና ክትባት መቋረጡ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው ይላሉ። በወቅቱ የተሟላ መረጃና ናሙና ባለመያዙ ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

የቀጣናችን ሁኔታ

አባ ሰንጋ በሀገራችን ገበሬና አርብቶ አደር ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ በሽታ ነው። የታመመ ወይም የሞተ ከብት ያረደ፣ ቆዳውን የገፈፈ፣ ሥጋውን የበላ ሰው ይያዛል። ስለዚህ በአንድ ወረዳ አባ ሰንጋ ቢከሰት በቅድሚያ ሊታሰብ የሚገባው ተፈጥሯዊ ምክንያት ነው። ሆኖም የበሽታው መለመድ ራሱ ያልተለመደ ክስተት ከተለመደው ጋር ተመሳስሎ እንዲያልፍ ያደርጋል።

በአፍሪካ ቀንድ ከብትም ሰውም ድንበር ተሻግሮ ይንቀሳቀሳል፤ በአንዱ ሀገር የተዳከመ የጤና ሥርዓት የጎረቤቱ ስጋት ነው። በሚያዝያ 2023 የሱዳን ጦርነት እንደተቀሰቀሰ፣ ከተፋላሚዎቹ አንዱ ወገን በካርቱም የሚገኘውን ማዕከላዊ የጤና ላቦራቶሪ መያዙን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቆ ነበር። በላቦራቶሪው የፖሊዮ፣ የኩፍኝና የኮሌራ ናሙናዎች ሲገኙ፣ ባለሙያዎቹ ገብተው እንዳይቆጣጠሯቸው ተከልክለዋል። ይህ ክስተት አደጋ ለማድረስ ምስጢራዊ ፋብሪካ የግድ እንደማያስፈልግ ያሳያል፤ ጠባቂ ያጣ ማቀዝቀዣም ለስጋት በቂ ነው።

ፈንጣጣም በዚህ ረገድ ይታወሳል። በተፈጥሮ የተከሰተው የመጨረሻው ሕመምተኛ በ1977 በጎረቤታችን ሶማሊያ፣ በመርካ ከተማ የተገኘ የሆስፒታል ሠራተኛ ነበር፤ እርሱም በመጀመሪያ የወባ ሕክምና ተሰጥቶት ነበር። በሽታው በ1980 መጥፋቱ ስለታወጀ ዛሬ አንድ ሕመምተኛ እንኳ ቢገኝ ዓለም አቀፍ አስቸኳይ ጉዳይ ነው።

በሥራ ቦታችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ያልተለመደውን ለመለየት የተለመደውን ማወቅ ያስፈልጋል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ተመሳሳይ ምልክት ያላቸው ብዙ ሕመምተኞች መምጣት፣ ጤነኛ ወጣቶች በድንገት በጽኑ መታመም፣ በሽታው ከወቅቱ ወይም ከቦታው ውጪ መታየት፣ የእንስሳት ሞት አብሮ መከሰት ትኩረት ይሻሉ። የቆዳ አባ ሰንጋ የማያም ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል ሲሆን፣ የታወቀ የከብት ንክኪ በሌለበት ጽኑ የመተንፈስ ችግር ተከስቶ በደረት ራጅ ላይ በሁለቱ ሳንባዎች መካከል ያለው ክፍል ሰፍቶ ከታየ የትንፋሽ አባ ሰንጋን ማሰብ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ጥርጣሬ ለሪፖርት በቂ ነው። አባ ሰንጋ በሀገራችን ወዲያውኑ ሪፖርት ከሚደረጉ በሽታዎች አንዱ ነው። በ2007 በሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብም መነሻው ተፈጥሮ ይሁን አደጋ ወይም ሆን ተብሎ የተፈጸመ ሳይለይ ክስተቶችን ይሸፍናል። የላቦራቶሪ ውጤት እስኪመጣ ሪፖርቱም ሕክምናውም መዘግየት የለባቸውም።

ሦስተኛ፣ ናሙና በሚገባ ይወሰድ፣ መዝገብም በጥንቃቄ ይያዝ። የሕመምተኛው አድራሻ፣ የሥራ ቦታ፣ ሕመሙ የጀመረበት ቀንና የተመገበው ምግብ ካልተጻፉ፣ የስቨርድሎቭስኩን ዓይነት ካርታ ማንም መሥራት አይችልም። ከእንስሳት ሐኪሞች ጋር መረጃ መለዋወጥም የዚሁ አካል ነው።

አራተኛ፣ የመነሻውን ጥያቄ ለሚመለከተው አካል መተው ይገባል። ባለሙያው በጥርጣሬ ብቻ «ጥቃት ነው» ብሎ ቢያወራ ሕዝብ ይሸበራል፤ ግጭት ባለበት አካባቢም አንዱ ወገን በሌላው ላይ እንዲነሣ ምክንያት ይሆናል። «የተለመደ ነው» ብሎ ማለፍም የዚያኑ ያህል ጉዳት አለው። የባለሙያው ተግባር ያየውን በትክክል መመዝገብና በወቅቱ ማሳወቅ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከተው የበሽታውን መነሻ በመጀመሪያው ቀን በትክክል የለየ አልነበረም። ዘግይቶም ቢሆን እውነቱን ያወጡት የተቀመጠ ናሙና፣ የተጻፈ መዝገብና በጊዜው የተደረገ የስልክ ጥሪ ናቸው፤ እነዚህ በጎደሉበት ደግሞ ጥያቄው ሳይመለስ ቀርቷል። እነዚህ ሁሉ ደግሞ በየዕለቱ ለኩፍኝም ሆነ ለኮሌራ የምንሠራቸው ሥራዎች ናቸው። ስለሆነም በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ሳይጓደል የተሞላ ሳምንታዊ የበሽታ ቅኝት ቅጽ ከቀጣናው ደህንነት መጠበቂያዎች አንዱ መሆኑን ልንዘነጋ አይገባም።